ቴስተሩ ደህና ነው ያለው መስመር

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ሶዶ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩበት የውሃ መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ልጆች ተሰብስበው ቤቴ መጡ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስንብቱ ቀደም ብሎ በለስላሳና በዳቦ ተጠናቋል። የመጡት ለምክር ነው።

"እትዬ ብርቄ፣ ዘንድሮ ለመሣሪያ የተያዘችው በጀት ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የምትበቃው። ሴንሰሮቹ መናገር ሲያቆሙ የትኛው ይሻለናል? ደህና ቴስተር እንግዛ ወይስ ኦሲሎስኮፕ?"

እነሱ የጠየቁኝ ስለ ዕቃ ነው፤ እኔ ፊት የመጣው ግን የአንድ ሰው ፊት ነው። "ልጻፍላችሁ" አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ቀልደኛ "እትዬ፣ ጨረታው ሳይዘጋ ይደርሳል?" ብሎ አሳቀን። ጨረታው ተዘግቶ ዕቃው ከተገዛ ቆይቷል። እኔ ጽፌ የጨረስኩት ገና አሁን ነው።

የተወለድኩት ወሎ፣ መካነ ሰላም ነው። ሙያውን የጀመርኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ሶዶ ያመጣኝ የባለቤቴ የመምህርነት ዝውውር ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት። ብዙም ሳይቆይ ክልሎች ሲዋቀሩ ከሌላ አካባቢ የመጡት ብዙዎቹ ወደየትውልዳቸው ተመለሱ። እኛም ዕቃ ማሰር ጀምረን ነበር። ባለቤቴ በመካከሉ ታመመና እዚሁ አረፈ። መቃብሩን ጥዬ መሄድ አልሆነልኝም፤ ቀረሁ። እናቴ ስታርፍ እንኳ የደረስኩት ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። እግዚአብሔር የፈቀደው ይህን ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ሰው በሰው አገር ብቻውን ሲኖር ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ቃሉን ነው። የሚመሰክርለት ወንድም፣ የሚቆምለት አጎት በሌለበት፣ ቃሉ ከጠፋ ምንም የለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር እኔን ከሌሎቹ ይበልጥ የነካኝ በዚህ ይመስለኛል።

አለቆች ብዙ አልፈውብኛል። ደጉም፣ ቁጡውም፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ እየተራመደ ፊቱን ሳንለየው የተቀየረውም ነበር። ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ በመጣ ጊዜ ጠረጴዛችን ከክፍል ክፍል ሲዞር ከረመ፤ ፓምፖቹ ግን ባሉበት ሆነው ይበላሹ ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ አለቆች አይደሉም። ጋሽ ሻንካ ናቸው።

ጋሽ ሻንካ የወላይታ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከሁለት ሰው አልፎ የማይሰማ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን "ሳሮ" ብለው በአገሩ ሰላምታ ተቀበሉኝና፣ የት እንደተማርኩ ሳይጠይቁ "ኤሌክትሪክ ይዞሽ ያውቃል?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ጥሩ። ያልያዘው ሰው ድፍረት ያበዛል።"

የኤሌክትሪክ ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አጭር ጸሎት ያደርጉ ነበር። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አማትባለሁ። ሾፌራችን ይህን እያየ "የኦርቶዶክስም የጴንጤም ጸሎት ደርሶት አልነሳም ያለ ፓምፕ ካለ፣ እሱ ፓምፕ ሳይሆን ሰይጣን ነው" ይል ነበር።

ከጸሎቱ ቀጥሎ ከሸሚዝ ኪሳቸው የራዲዮ ድንጋይ ያወጣሉ። ቴስተሩን መጀመሪያ በሱ ላይ ይለካሉ፤ ከዚያ የተበላሸውን መስመር፤ ከዚያ እንደገና ድንጋዩን። "ጠያቂው ራሱ ጤነኛ መሆኑን ሳላውቅ ምን ብዬ መልሱን አምናለሁ?" ይሉ ነበር። እኔም እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ያለ ድንጋይ አልለካሁም።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የዕቃ ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ ከኦፕሬተሩ ጋር መቀመጣቸው ነው። "ምን አየህ?" ይሉታል። እሱ ስለ ፓምፑ ጀምሮ ወደ ልጁ ትኩሳት ቢሄድ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ አጥር ቢገባ አያቋርጡትም። እኔ ፀሐዩ እየገፋ ሲሄድ እቁነጠነጣለሁ። እሳቸው አገጫቸውን ይዘው ይሰማሉ። ካቻቢቴና ፒንሳ ከመውጣቱ በፊት ሥራው ግማሽ ሄዷል ማለት ነው።

የቴስተሩንና የስኮፑን ነገር እንዲገባችሁ ስለ ሴንሰሮቹ ትንሽ ልበል። ድሮ ጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ውሃው ሲወርድ ኳሱ ይወርዳል፣ ሽቦው ይለያያል፣ ፓምፑ ይቆማል። ለዚያ ቴስተር ከበቂ በላይ ነበር። ሚሊኒየሙ ከተከበረ ወዲህ ግን ሻማ የምታክል ሴንሰር መጣች። ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥላ ከራሷ በላይ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ትመዝንና በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቁጥሩን ትልካለች። አላላኳ በጣም ፈጣን ነው፤ ሽቦው ላይ ያለው ጉልበት ዓይን ከሚርገበገበው በላይ እየተገለባበጠ ነው ቁጥሩ የሚነገረው። ኦፕሬተሩ ቤት ውስጥ ያለው ሰሌዳ ያን ሰምቶ ቁጥሩን ያሳያል። ውሃው ሲያንስ ፓምፑን የሚያቆመውም እሱ ነው።

ቴስተር ይህን ንግግር አይሰማም። የሚያሳየው አማካዩን ነው። ሽቦው ከዚህ እዚያ ይደርሳል ወይ፣ ኃይል አለ ወይ፣ ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይሰጣል። ሜገር የሚባለው ደግሞ የኬብሉ ልባስ መላጥ አለመላጡን በከፍተኛ ኃይል ይፈትናል፤ ሴንሰሯን ሳይነቅሉ በሱ መለካት እሷን መግደል ነው። ሽቦው ላይ የሚሄደውን ንግግር ራሱን በዓይን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ነው። የኛ ስኮፕ ከፕሮጀክት የተረፈ፣ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከባድ ነበር። ግድግዳ ላይ ካልተሰካ አይሠራም። ስለዚህ ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ሲጠጣ ይኖራል፤ ጥሪ ሲመጣ ቴስተሩን አንጠልጥለን እንወጣለን።

ሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ ቆላው ውስጥ፣ የአካባቢውን ሕዝብ የሚያጠጣ ጥልቅ ጉድጓድ ነበረን። ኦፕሬተሩ ባሳ ይባላል። ሰሌዳውን በየጠዋቱ በንጹሕ ጨርቅ የሚወለውል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሰው በር ላይ ቆሞ የሚቀበል፣ የሰፈሩ ሰው አደራ የሚጥልበት ዓይነት ሰው ነው። የጉድጓዱ ግቢ ደህና አጥር ስላለው ጎረቤቱ እርሻ ውሎ ሲመጣ ማረሻውን እንኳ እሱ ጋ ነበር የሚያሳድረው።

በአንድ መስከረም፣ በጊፋታ ዋዜማ፣ የዚያ ጉድጓድ ሞተር ተቃጠለ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ቤት የሚታጠብበት፣ ዕቃ የሚፀዳበት፣ ዘመድ ከሩቅ የሚመጣበት ሰሞን ስለሆነ ውሃ ከመቼውም ይበልጥ ይፈለጋል፤ ፓምፑም ያለ ዕረፍት ሲጎትት ነበር። ጉድጓዱ ሲጎድል መቆም ሲገባው አልቆመም። በደረቁ ሲሽከረከር ነደደ። ሕዝቡ በዓሉን ጄሪካን ተሸክሞ ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት አሳለፈ፤ ቁጣው አይጣል ነበር።

ባሳ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ሰሌዳው ውሃ አለ እያለኝ ነው ሞተሩ የተቃጠለው።"

ማንም አላመነውም። የተወራው ሌላ ነው፦ ለበዓሉ ውሃ በጋሪ ለሚያዞሩ ሰዎች ሲሸጥ ፓምፑ እየቆመ አስቸገረውና ሴንሰሯ እንዳታስቆመው በቁራጭ ሽቦ አልፏት አገናኘ፤ ሞተሩ ሲቃጠል ቁራጩን ነቅሎ ጣለ። በዓሉ አልፎ ሳምንት ከሆነው በኋላ ሥራ አስኪያጁ እኔንና ጋሽ ሻንካን ይዞን ወረደ። ባሳ ቁልፉን አስረክቦ ከግቢው እንዳይደርስ ተከልክሏል። ስለዚህ የዚያን ቀን "ምን አየህ?" የሚባል ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ራሳችን ላይ ቆሟል።

ጋሽ ሻንካ ጸለዩ። ድንጋዩን ለኩ፤ መስመሩን ለኩ፤ ድንጋዩን ደገሙ። ሽቦው ሙሉ ነው። ኃይሉ ልክ ነው። ሴንሰሯን እኔ በገመዷ ወደ ላይ ስስባት ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ስለቃት ይጨምራል፤ እንደ ታዛዥ ልጅ።

"እህስ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"መስመሩ ደህና ነው" አሉ ጋሽ ሻንካ።

ይህችው ቃል ተጻፈች፤ ፈረሙባት። ባሳ በግምገማ ላይ "ኪራይ ሰብሳቢ" ተብሎ ከሥራ ተባረረ። የለካነውን ነው የጻፍነው፤ ያልለካነውን አልጨመርንም። ያን ጊዜ ይህ ይበቃል ብዬ አምን ነበር።

ወራት አልፈው ተበላ ገበያ ላይ በቆሎ ስገዛ አንዲት ሴት ነጠላዬን ሳብ አደረገችኝ። የባሳ ሚስት ማርታ ናት። የከሳችው መክሳት አስደነገጠኝ።

"እንዴት ናችሁ? ባሳስ?" አልኳት።

"አለ። የሰው በቆሎ ይኮተኩታል።"

"አይዞሽ፣ ሥራ ይገኛል።"

"ሥራውን ተይው፣ እትዬ። ሥራማ እግዜር ያመጣል።" ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። "ከጌታ ራት ከለከሉት። ውሸታም ነው ተብሎ። እስኪናዘዝ ድረስ ኅብስቱን አይቀምስም። ሰው ሁሉ ሲነሳ እሱ ብቻውን አግዳሚ ላይ ይቀራል። ልጆቹ ያዩታል።"

"ሽማግሌዎቹ አያውቁትም እንዴ? ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው!"

"ያውቁታል። መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር። በኋላ የናንተ ወረቀት ተነገራቸው። 'መሣሪያ ለማንም አያዳላም' አሉ። 'ተናዘዝና ይቅር እንበልህ' ይሉታል። እኔም ለመንኩት፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። 'ላልሠራሁት ብናዘዝ ያኔ ነው የምዋሸው' አለኝ።"

በቆሎውን ትቼ ተመለስኩ። እኔ ጾሜን ጠብቄ፣ ቀኔን ቆጥሬ የምቆርብ ሴት ነኝ። ሰው ከሥጋ ወደሙ ሲከለከል ምን እንደሚሆን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ያ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ የኔ ባይሆንም ረሃቡ የኔ ነው።

ለጋሽ ሻንካ ነገርኳቸው። ቆመው ነበር፤ ተቀመጡ።

"መሣሪያ አያዳላም አሉ?"

"እንደሱ ነው ያለችኝ።"

በማግሥቱ ቴስተሩን ይዘው ብቻቸውን ወደ ቆላው ወረዱ። ሲመለሱ "ደህና ነው" አሉ። ሌላ ጊዜም ሄዱ። አሁንም ደህና ነው። እኔ ይህ ያረጋጋቸዋል ብዬ ሳስብ፣ እሳቸው ጭራሽ ፊታቸው ጠቆረ። "ብርቄ፣ ይሄ ሰው ለመናዘዝ እንቢ አለ። ሌባ ቢሆን ተናዝዞ ይገላገል ነበር። እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው የተሳሳተው፤ ግን ምን ብዬ ልጠይቅ?" አሉኝ። ስጸልይ የባሳን ስም መጥራት ጀመርኩ።

ዓመቱ ዞሮ ሌላ ጊፋታ ሲቃረብ ከዚያው ጉድጓድ ተደወለ። አዲሱ ኦፕሬተር ታደለ ነው፤ ሰሌዳው አልገባኝም፣ ኑልኝ ይላል። ቴስተሩን ላነሳ ስል ጋሽ ሻንካ "እሱን ተይው። እሱን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ የሚያውቀውን ነግሮኛል" አሉ። ስኮፑን ከዕቃ ግምጃ ቤት አውጥተን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ እኔ እንደ ሕፃን ታቅፌው በፒክ አፕ ወረድን።

ጋሽ ሻንካ ከታደለ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

"ምን አየህ?"

"ቁጥሩ ይሞታል፣ ጋሼ።"

"ይሞታል ማለት?"

"ይቆማል። ፓምፑ እየጎተተ፣ ቁጥሩ መውረድ ሲገባው ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ ዘሎ ይወርዳል። እኔ ፈራሁ። የባሳ ነገር ይደርስብኛል ብዬ አጠፋሁት።"

"ሁልጊዜ ነው?"

"ቀን ደህና ነው። ሲመሻሽ ነው የሚብሰው።"

ጋሽ ሻንካ አገጫቸውን ያዙ። "ሲመሻሽ እዚህ ግቢ ምን አለ፣ ቀን የሌለ?"

ታደለ ዙሪያውን ተመለከተ። "ምን አለ … ምንም የለም። ሰው ይመጣል። በሬውን ሊያይ።"

"የምን በሬ?"

"የጊፋታ በሬ ነዋ!" አለ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ እስከማይመስለው ድረስ ተገርሞ።

ጎረቤት ሆነው ለጊፋታ በሬ የሚያርዱ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ያዋጣሉ። በዓሉ ሲቃረብ ገዝተው እያበሉ የሚያሳድሩት አደራ ከሚጣልበት ሰው ግቢ ነው። የጉድጓዱ ግቢ አጥር ስላለው በባሳም ጊዜ፣ በታደለም ጊዜ በሬው የሚያድረው እዚያው ነው። ማታ ማታ ባለድርሻዎቹ እየመጡ ጎኑን ይዳብሳሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይመለሳሉ። ይህን የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ጋሽ ሻንካም ያውቃሉ። እኛ ባለፈው ዓመት የመጣነው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሬው ተበልቷል።

ስኮፑን ሰሌዳው ባለበት ክፍል ሰክተን ሁለቱ ሽቦዎች ላይ አያያዝነው። አረንጓዴው መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ እየተደረደረ መጣ፤ ሴንሰሯ ትናገራለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሬውን ከግጦሽ አመጡት። ትልቅ፣ ቀይ፣ እልኸኛ በሬ ነው። ከግቢው ሁሉ ጠንካራው ብረት ላይ አሰሩት። ያ ብረት ከጉድጓዱ የሚመጣው ኬብል የሚገናኝበትን ሳጥን የተሸከመው ምሰሶ ነው። ብዙ በሬ የታሰረበት ይመስላል፤ እግሩ ላይ ያለው ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል።

በሬው ገመዱን ወጠረ። ስኮፑ ላይ ያሉት ጥርሶች ረገፉ፤ ጠፍጣፋ መስመር ቀረ። ሰሌዳው ላይ ግን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። አዲስ ነገር ካልሰማ የመጨረሻውን የሰማውን ይዞ ይቆማል።

"ወደ ምሰሶው አስጠጉት!" አሉ ጋሽ ሻንካ፤ ድምፃቸው እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ታደለ ሮጦ በሬውን ገፋው። ጥርሶቹ ተመለሱ። "ልቀቀው!" ጠፉ። "አስጠጋው!" ተመለሱ። ባለድርሻዎቹ መስኮቱን ሞልተው ስኮፑን ያያሉ።

"ይሄ ቴሌቪዥን ነው? ኳስ ያሳያል?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"የለም፣ አባባ፤ በሬ ብቻ ነው የሚያሳየው" አለ ሾፌራችን።

"ታዲያ በሬያችን የት አለ? አይታይማ!"

"ሲስብ ይጠፋል።"

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ጋሽ ሻንካ አልሳቁም። ሳጥኑን ከፈቱት፤ ውስጡ አንዲት ቡሎን በደንብ አልጠበቀችም፣ ሽቦዋ በወጉ ሳትያዝ እንዲያው ተጠግታ ነው ያለችው። ምሰሶው ቀጥ ሲል ትነካለች፣ ሲዘም ትለቃለች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው "የዋዜማ ዕለት ወጣቶቹ እየጨፈሩ፣ ችቦ እያበሩ ያልፋሉ" አሉ፣ ለራሳቸው ይመስላል። "በሬ እሳትና ጩኸት ሲፈራ ምን ያደርጋል? ገመዱን ወጥሮ ይቆማል። እሳቱ እስኪያልፍ አይመለስም።" ወደ ሰሌዳው ዞሩ። "ባሳ እውነቱን ነው። ሰሌዳው ውሃ አለ እያለው ነው የነደደው።"

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ብዙ አልቆዩም። በግምገማ የተዘጋ ነገር አይከፈትም፤ ደግሞም የፈረምከው አንተ ነህ፣ ተባሉ። ባሳ ወደዚያ ሥራ አልተመለሰም፤ እንዲመለስ ያልተንኳኳ በር የለም፣ አልተከፈተም እንጂ።

ልጆች፣ ለጥያቄያችሁ የምመልሰው ይኸውላችሁ። የምትጠረጥሩት ሽቦውን ከሆነ ቴስተር ያዙ። የምትጠረጥሩት ንግግሩን ከሆነ፣ በተለይ ብልሽቱ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ ስኮፕ ያዙ፤ ቢከብድም፣ ሾፌሩ ቢያጉረመርምም። ከሁለቱም በፊት ግን ብልሽቱ በደረሰ ቀን ኖሮ እናንተ በደረሳችሁበት ቀን የሌለው ምን እንደሆነ ጠይቁ። መሣሪያ ፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚለካው። ደግሞ "ደህና ነው" ብላችሁ አትጻፉ። በምን እንደለካችሁ፣ መቼ እንደለካችሁ፣ ምን እንዳልለካችሁ ጻፉ። ሰው በዚያች ቃል ይፈረድበታል።

ቢሮው ሲዘጋባቸው ጋሽ ሻንካ ወደ ባሳ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ላኩ። ቀን ተቆረጠ። "ስኮፑን ያየሽው አንቺም ነሽ፤ ትመሰክሪያለሽ?" አሉኝ። ከነፍስ አባቴ ጋር ስማከር "ለተበደለ ሰው እውነት መናገር የትም ቦታ አይከለከልም" ብለውኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ አጥሩ ጋ ስደርስ እግሬ ተያዘ። እንደኔ ያለች ሰው እዚያ ደጅ ገብታ አታውቅም። የሽማግሌዎቹ አለቃ ከውስጥ አዩኝ።

"እህታችን፣ ለምን አትገባም?" አሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ፊቴ ላይ ያለውን ግን ወዲያው ለይተዋል። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ሌሎቹ ዞረው በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁሉም አግዳሚያቸውን እየተሸከሙ ወጡና ሣሩ ላይ፣ እኔ የቆምኩበት ተቀመጡ። ይህን ክብር እስክሞት አልረሳውም።

ባሳ በአንድ ጎን ብቻውን ተቀምጧል። ማርታ ከኋላው ናት።

ጋሽ ሻንካ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "መስመሩ ደህና ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ያየሁት ሽቦው መድረሱን ነው። ቃሉ መድረሱን አላየሁም። በዚያ ቀን የነበረውን ሰው ሳልጠይቅ ነው የፈረምኩት። ይህ ሰው አልዋሸም።" ከዚያ እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ጥርሶቹን፣ የበሬውን ገመድ፣ ያልተንቀሳቀሰውን ቁጥር። ከሽማግሌዎቹ መካከል የዚያ የተበላው በሬ ባለድርሻ የነበሩ አሉ፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

"ባሳ፣ በሬውን እዚያ ብረት ላይ ያሰርከው አንተ ነህ?" አሉ አለቃው።

"እኔ ነኝ። ጥፋት አለብኝ። ሞተሩን በገዛ እጄ ነው ያቃጠልኩት፤ አላወቅሁም እንጂ። ውሸት ግን የለብኝም።"

ሽማግሌው ወደ ባሳ ዞሩ። "እኛም ያላየነውን አየን ብለን ነው የፈረድንብህ። ይቅር በለን። እሁድ ወደ ማዕዱ ቅረብ።"

ማርታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ባሳ ግን አልተነሳም።

"አልቀርብም" አለ።

"ምነው?"

"ውሸታም ስትሉኝ ንጹሕ ነበርኩ። አሁን ንጹሕ ነህ ስትሉኝ ንጹሕ አይደለሁም።" ጣቱን ሳያነሳ በዓይኑ ጋሽ ሻንካን አሳየ። "ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ጠልቼዋለሁ። ስኮተኩት ጠልቼዋለሁ፣ ስጸልይ ጠልቼዋለሁ። ሞቱን ተመኝቻለሁ። እንዴት ብዬ ነው ኅብስቱን የምቆርሰው?"

በኔ አገር ቢሆን ጋሽ ሻንካ ድንጋይ ተሸክመው ይንበረከኩ ነበር። እዚህ የሚሆነውን ግን አላውቅም። ጋሽ ሻንካ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሄዱና ባሳ አጠገብ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ።

አለቃው ወደ ቤታቸው ላኩ። በሰፌድ የተቀቀለ ቦዬ፣ እንደ ድንች ያለው የአገሩ ሥር፣ ከቃሪያ ዳጣ ጋር መጣ። ሁለቱ ሰዎች መካከል አኖሩት። ባሳ አንዱን አንስቶ ለሁለት ገመሰው። እንፋሎቱ እየወጣ ነው። ግማሹን ለጋሽ ሻንካ ሰጠ። እሳቸው ተቀብለው እጃቸው ላይ ይዘውት ቀሩ። ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነው፤ መጥረግም አልቻሉም፣ መብላትም አልቻሉም።

ባሳ ጠበቃቸው። እኛም ሁላችን ጠበቅን። በመጨረሻ ጠጋ አለና፣ ለእሳቸው ብቻ ሊናገር ፈልጎ ሁላችንም በሰማነው ድምፅ እንዲህ አለ፦

"ጋሼ፣ ብሉ እንጂ። እሁድ ከማዕዱ እንዳልቀር።"